ለእባብ የቆሙ ሽማግሌዎች

በዚህ በሎስ አንጀለስ ከተማ ሰው ከሥራ ሲገባ አንዳንዱን ውሻው ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል፤ አንዳንዱን ድመቱ ትታከከዋለች፤ ዕድለኛውን ደግሞ ሚስቱ ትስመዋለች። እኔን የሚቀበለኝ እባብ ነው። መቀበል እንኳ አይባልም። ከመስታወት ሳጥኑ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ "ዛሬም መጣህ?" በሚል ዓይን ያየኛል። እኔም "ዛሬም አለህ?" በሚል ዓይን አየዋለሁ። "እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ" ያሉ አባቶች ፓልምስ ሰፈር ያለውን የእኔን ሳሎን ሳያዩ አልቀሩም።

እባብ ወድጄ ያስገባሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ ትል ያለበት ኮክ ሳይ ሁለት ቀን ፍራፍሬ የማልቀምስ ሰው ነኝ። ነገሩ የመጣው በባለቤቴ በሰብለ በኩል ነው። ሰብለ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ከእነሱ አንዱ ካልቨር ሲቲ ከእባባቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ ሚስተር ሃዋርድ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው ሌላ ስቴት ወስዶ ከእሱ ጋር ሊያኖራቸው ሲመጣ ምራታቸው "ወይ እባቡ ወይ እኔ" አለች። ይህችን ሴት በአካል ባላውቃትም በጣም አከብራታለሁ። ሚስተር ሃዋርድም የሰብለን እጅ ያዙና "አንቺ ያዢልኝ" አሏት። አሜሪካዊ እንዲህ ሲል "ካልተመቸሽ ለፈለግሽው ስጪው" ማለቱ ነው። ሰብለ ግን አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ናት። ሽማግሌ እጇን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ የሰጣት ነገር አደራ ነው። አደራ ደግሞ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይጣልም።

"ሰብልዬ፣ ለሚወዱት ሰዎች እንስጠው" አልኳት።

"አደራ በላ ከምባል እባቡ ይብላኝ!"

"እሱስ መች ይቀርልናል" አልኩ።

ተስፋዬን የጣልኩት በአማቴ በጋሼ አስፋው ላይ ነበር። ጋሼ አስፋው የሰብለ አባት ናቸው። ልጃቸው ፕሮሰስ ጨርሳላቸው መጥተው ከእኛው ጋር ይኖራሉ። በአገር ቤት ሰፈራቸው ያለ እሳቸው የታረቀ ባልና ሚስት፣ ያለ እሳቸው የተዳረች ልጅ አልነበረችም። እዚህ ግን የተጣላ ሰው ጠበቃ ይይዛል፤ መጋባት የፈለገ ደግሞ የሰው ፎቶ ስልኩ ላይ ወደ ቀኝ ይገፋል። የጋሼ ሙያ በአንድ የአውሮፕላን ጉዞ ከሰረ። ቢሆንም ጾመኛ፣ ቆራቢ፣ መዝሙረ ዳዊት ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸውና እባቡን በአንድ ቃል ያስወጡልኛል ብዬ ነበር። እንደጠበቅሁትም መጀመሪያ ላይ ጠበል ረጩበት። እባቡ ጠበሉን በምላሱ ቀመሰና ተጠቅልሎ ተኛ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። የእባቡ ምግብ በበረዶ የደረቀች አይጥ ናት። ከፍሪዘራችን ውስጥ ከሰብለ በርበሬ ጎን ትቀመጣለች። (ቤታችን እራት የተጋበዛችሁ ወዳጆቼ ይህን አሁን ስላነበባችሁ ይቅርታ።) አይጧን በሞቀ ውሃ አሟሙቀን ብንሰጠው አልበላም አለ። ደግመን ብንሰጠው ፊቱን አዞረ። አይጧን የሚሸጥልን ሪክ "ኖርማል ነው፣ እንዲህ ዓይነት እባቦች ሳምንታት ሳይበሉ ይቆያሉ" አለኝ። ጋሼ ግን ሌላ ነገር ገባቸው።

"ይኼ ፍጡር ሁዳዴን እየጾመ ነው" አሉ በዝግታ።

"ጋሼ፣ እባብ እኮ ነው።"

"እሱ እባብ ሆኖ ይጾማል። ክርስቲያኑ ደግሞ መኪናው ወንበር ሥር ቺዝበርገር ይደብቃል።"

የበርገሩን ወረቀት ማግኘታቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የእኔ ጉድ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያ ከይሲ ጾሙን ሁሉ ሳይቀምስ ሰነበተና በፋሲካ ማግስት የሰጠነውን አይጥ ስልቅጥ አደረጋት። ጋሼ ቆመው አማተቡ። ስምም አወጡለት፤ ሸጋው። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን የማዕረግ ቅደም ተከተል ሸጋው ሁለተኛ፣ እኔ ከማይክሮዌቩ በታች ሆንኩ።

እንዲህ እየኖርን ሳለ አንድ ቀን አይጥ ልገዛ ሪክ ሱቅ ሄድኩ። ሪክ ክንዱ ላይ አዞ የተነቀሰ፣ ትከሻው ላይ እውነተኛ እንሽላሊት የሚያስቀምጥ ግዙፍ ሰው ነው። ያን ቀን ዓይኑ ቀልቷል።

"የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ሕግ ሊያወጡብን ነው" አለኝ። ረቂቁ ከባሕር ማዶ የሚመጡ እንግዳ አራዊት እንዳይገቡ ይገድባል። ከእንግዲህ አይግባ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ሸጋው ያለ የዘንዶ ዘር ቤቱ ያለው ሰውም ከከተማው ያስወጣ ይላል። ምክንያታቸው ደግሞ ከንቱ አይደለም። ከጫካ እየተለቀሙ በሳጥን ታሽገው ሲመጡ መንገድ ላይ የሚሞቱት ብዙ ናቸው፤ ባለቤቱ ሰልችቶት የሚለቃቸው ደግሞ የአገሬውን ወፍና እንቁላል ይጨርሳሉ።

እኔ ፊቴን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አጨማድጄ ሪክን አጽናናሁት። ልቤ ግን ትከሻዋን እየነቀነቀች እስክስታ ትመታለች። እስቲ አስቡት። እኔ እባቡን ብሰጥ አደራ በላ ነኝ። መንግሥት ቢወስደው ግን ማን ይወቅሰኛል? የመንግሥት ነገር ነው! ወደ ቤት ስነዳ ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ የማስቀምጠውን ሰፊ ቴሌቪዥን እያሰብኩ ነበር።

ለጋሼ ወሬውን የነገርኳቸው እንደ መርዶ ነጋሪ ራሴን እየነቀነቅሁ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ጠየቁ።

"ሕጉ ወጥቷል?"

"ገና ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዳውንታውን ሕዝብ ያናግራሉ።"

"ሽማግሌ ተልኮባቸዋል?"

"ጋሼ፣ እዚህ አገር መንግሥት ላይ ሽማግሌ አይላክም። የሚላከው ሎቢስት ነው።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሙሉ ልብስ ለብሶ ሄዶ 'እባካችሁ' የሚል ሰው ነው።"

"ታዲያ ከሽማግሌ በምን ተለየ?"

ጋሼ ተነሥተው ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ከመጡ ጀምሮ ያልለበሱትን ጥቁር ሙሉ ልብስ አወጡ። ወገባቸው ቀና ሲል አየሁት። ያን ጊዜ ነበር መፍራት የነበረብኝ።

ምልመላው የተካሄደው ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ጥብስ ላይ ነው። አንደኛው ተመልማይ ጋሼ ዘለቀ ናቸው። ፓርኪንግ ሎት ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የጋሼ የማኅበር ወዳጅ። ሁለተኛዋ እትዬ ብርቄ፣ እዚያው ፌርፋክስ ላይ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ያላቸው፣ ሳይጠሩ ከጎን ጠረጴዛ ተነሥተው የተቀላቀሉ።

"አስፋው፣ ለሰው ስንቴ ቆሜያለሁ" አሉ ጋሼ ዘለቀ ጉርሻቸውን እንደያዙ። "ለእባብ ግን እንዴት ይሆናል? ሔዋንን ያሳታት እኮ እሱ ነው።"

"ያ ሌላ ነው። የእኛው ሁዳዴን ጾሟል። ደግሞ የምንቆመው ለእባቡ አይደለም፣ ለአደራው ነው።"

"ሶ ስንት ሰዓት ነው?" አሉ እትዬ ብርቄ። "ሱቁን ክሎዝ አድርጌ እመጣለሁ። ሽማግሌ ሦስት ነው፤ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ዕዳ ልትጠይቁ የመጣችሁ ነው የሚመስለው።"

"ሴት ሽማግሌ ግን..." ብለው ጀመሩ ጋሼ ዘለቀ።

"ዘለቀ፣ ይኼ ካሊፎርኒያ ነው! እንኳን ለሴት ለእባብም ሽማግሌ ተገኝቶለታል!"

በዚሁ ተዘጋ። "አስተርጓሚውስ?" ሲባል ሦስቱም ዞረው እኔን አዩ። ሰይጣን ጆሮዬ ውስጥ የገባው በዚያች ቅጽበት ነው። ጋሼ እንግሊዝኛ አይችሉም። የጋሼ ዘለቀ እንግሊዝኛ መኪና ከማስቆም አያልፍም። የእትዬ ብርቄም እንግሊዝኛ በርበሬ ከመሸጥ አያልፍም። ጋሼ በአማርኛ "እባካችሁ አትውሰዱብን" ቢሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ "ዛሬውኑ ብትወስዱልን ደስታችን ነው" ብል ማን ያውቅብኛል? "በደስታ!" አልኩ። ጋሼ በኩራት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ዓይኔን ጥብሱ ላይ ተከልኩ።

በቀጠሮው ቀን ጋሼ በጥቁር ሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ክብ ነገር ይዘዋል። ጋሼ ዘለቀን ከክሬንሾው፣ እትዬ ብርቄን ከፌርፋክስ አነሣን። እኔ መንገዱን ሳይሆን በመስታወቱ ያንን ጥቅል ነው የማየው።

"ጋሼ፣ እሱ ጨርቅ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?"

"ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ጥቂት እንደሄድን አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አረፈ። የጮኽኩት ጩኸት የእኔ አይመስለኝም። መኪናው ወደ ግራ፣ ነፍሴ ወደ ቀኝ ሄዱ። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ስለ እናቴ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። ዞር ብዬ ባይ እትዬ ብርቄ የመኪና ቀበቶአቸውን ለማሰር እየጎተቱ ኖሮ ብረቱ ነው አንገቴን የነካኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ጥቅሉም ድፎ ዳቦ ነበር። ያንን ድፎ የምክር ቤቱ አዳራሽ ጥበቃ በፍተሻ ማሽኑ ሦስት ጊዜ ካሳለፈው በኋላ፣ ቆርሶ ካልቀመሰ አላሳልፍም አለ። ቀመሰና አሳለፈን። ጋሼ ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጠሩት።

አዳራሹ ሞልቷል። በአንድ በኩል ሪክና ጓደኞቹ፣ ኤሊና አርጃኖ የታተመበት ቲሸርት ለብሰው። በሌላ በኩል ሕጉን የሚደግፉት። አንዲት ሸበቶ የእንስሳት ሐኪም ተነሥታ ሳጥን ውስጥ ስለሚሞቱት እንስሳት እንዲያ አድርጋ ስትናገር ለማጨብጨብ እጄን አንሥቼ፣ ጋሼ ሲያዩኝ ጸጉሬን አሻሸሁበት። ከዚያ ስማችን ተጠራና አራታችንም ወደ ማይክሮፎኑ ወጣን። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ለሚተረጎምለት ሰው እጥፍ ይሰጣሉ። ጋሼ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"እንደምን ዋላችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች እንዴት ናቸው? እናት አባትስ በሕይወት አሉ?"

ተረጎምኩ። የምክር ቤቱ ሰዎች ተያዩ። ጥግ የተቀመጠው አንዱ ግራ ገብቶት ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አለና "እናቴ በቅርቡ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል" አለ። ጋሼ፣ ጋሼ ዘለቀና እትዬ ብርቄ በአንድ ድምፅ "እግዜር ይማራት!" አሉ። ሰውየው አመሰገነ። ጊዜያችን ግማሹ አለቀ።

"ወደ መጣንበት ጉዳይ ልግባ" አሉ ጋሼ። እኔም ያዘጋጀኋትን ክህደት ምላሴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ።

"ቤታችን አንድ እባብ በአደራ አለ። ልጄ ጠዋት ሥራ ትሄዳለች። የልጄ ባልም ይሄዳል። ደግ ልጅ ነው፣ አልወቅሰውም። ማታ ሲመጣ ይደክመዋል፣ ስልኩን ያያል። እኔ የዚህን አገር ቋንቋ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የማወራው ከዚያ እባብ ጋር ነው። ስለ ሰፈሬ እነግረዋለሁ፣ ዳዊት እደግምለታለሁ። እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ይሰማኛል። እሱን ከወሰዳችሁት ቤቱ ውስጥ እስኪመሽ የሰው ድምፅ አይኖርም፤ የእኔም ጭምር።"

ቆሙና አዩኝ፤ ተርጉም ማለታቸው ነው።

አፌን ከፈትኩ። ያቺ ያዘጋጀኋት ክህደት የት እንደገባች አላውቅም። እንግሊዝኛዬም አብራ ጠፋች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በራሴ አፍ "የልጃቸው ባል ማታ ስልኩን ያያል" ብዬ መተርጎም ነበረብኝና አንድም ሳልቀንስ ተረጎምኩ። "ደግ ልጅ ነው" የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። ሰዉ የአስተርጓሚነት ስሜት መስሎት ነው መሰለኝ አንዷ ሶፍት አቀበለችኝ።

ከምክር ቤቱ አንዱ በትሕትና "አባት፣ እባብ እኮ ጆሮ የለውም" አለ። ተረጎምኩላቸው።

"ጆሮ ያላቸውስ መቼ ሰሙኝ?" አሉ ጋሼ።

ይህንንም ተረጎምኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም።

ደወሉ ጮኸ። ሰብሳቢዋ "እናመሰግናለን፣ አሁን መቀመጥ ትችላላችሁ" አለች። ሦስቱም አልተነቃነቁም። ልጅ ሊጠይቅም ሆነ ሊያስታርቅ የሄደ የእኛ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ እንደማይቀመጥ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለሰብሳቢዋ ግን የነገራት የለም።

"እሺ ይበሉንና እንቀመጣለን" አሉ ጋሼ።

ተረጎምኩ። ሰብሳቢዋ አሁንም "እባካችሁ ተቀመጡ" አለች። ጋሼ ዘለቀ ጭራሽ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ በዓይኔ ወንበር ሳማትር እትዬ ብርቄ ጎኔን ቆነጠጡኝ። ሎቢስት ከሽማግሌ በምን እንደሚለይ ያኔ ገባኝ፤ ሎቢስት ይቀመጣል።

ከኋላ ሪክ ብድግ አለ። ከዚያ ቲሸርታሞቹ በሙሉ ተነሡ። ያቺ ሸበቶ ሐኪም ሳትቀር ተነሣች፤ በኋላ ስጠይቃት "አዛውንቶች ቆመው እኔ እንዴት እቀመጣለሁ?" አለችኝ። ጥበቃው በር ላይ ሆኖ ሰብሳቢዋን ያያል፤ አገጩ ላይ የድፎ ፍርፋሪ አለ። የምክር ቤቱ ሰዎች ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ተናገረች። ከውጭ ማስገባትን የሚገድበው ክፍል ይቀጥላል። ቀድሞ ሰው ቤት ያሉትን የሚመለከተው ግን ተጨማሪ ጥናት ስለሚያስፈልገው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

"ምን አለች?" አሉ ጋሼ።

"እንመክርበታለን፣ ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ኑ ነው የምትለው። ያው አዘገዩት..."

የጋሼ ፊት በራ። "አገኘን!" አሉ። "የትኛው የተከበረ አባት ነው በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚለው? 'እንምከርበት፣ ተመለሱ' ካለ ሰጠ ማለት እኮ ነው!" ብለው ምክር ቤቱን እጅ ነሡና ተቀመጡ። አዳራሹም አብሮ ተቀመጠ። ድፎው ኮሪደር ላይ ተቆረሰ፤ ሪክና ሐኪሟ ከአንድ ዳቦ እየበሉ ሲከራከሩ ተውናቸው።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ ሥራ አላቸው። ሪክ "ጋሺ" እያለ ይደውላል። ሚስቱ በእንሽላሊቶቹ ምክንያት ትታው የሄደች አንድ ቲሸርታም ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጋሼ አስታርቀው መለሷት። እሑድ እሑድ ለእርቅ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ሰፊው ቴሌቪዥን ቀርቷል፤ ሸጋውም እንዳለ አለ።

ባለፈው ሰኞ ግን ከምሳ በፊት ቤት መጣሁ። ጋሼ ከሳጥኑ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ሆነው ለሸጋው ስለ አንድ የድሮ ጎረቤታቸው የበሬ ክርክር እያወሩለት ነበር። ሲያዩኝ ደነገጡ።

"ምነው፣ ከሥራ አስወጡህ?"

"ኧረ አይደለም።"

"ታዲያ ተቀመጣ።"

"እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም" አልኩ ኮፍያዬን አውልቄ።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምን ፈልገህ ነው?"

"አለቃዬን አስፈቅጄ ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ሥራ አልገባም። ከእኔ ጋር ይዋሉ። ፌርፋክስ እንወጣለን፣ ካልፈለጉም እዚሁ ተቀምጠን ያወሩልኛል። ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼው ነው የመጣሁት።"

ጋሼ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። ከዚያ ፊታቸውን እንደ ሴት ልጅ አባት ኮስተር አድርገው ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ሸጋው አንገቱን ቀና አድርጎ ያየናል።

"ሰምተናል" አሉ። "ከሸጋው ጋር እንምከርበት። ተመልሰህ ና።"